በጅማ ከተማ የመኖሪያ ቤት አድልዎና የሕግ መከላከያው

ጅማ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ የኦሮሚያ ክልል የቡና ንግድ ከተማ ናት። በሂርማታ ገበያ ዙሪያ ያደገችው ይህች ከተማ ነጋዴ፣ የቀን ሠራተኛና ተማሪ ከየአቅጣጫው የሚመጣባት በመሆኗ የኪራይ ቤት ጉዳይ የብዙ ነዋሪዎቿ የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው።

በቤት ረገድ ሰውን ከሰው መለየት በመንግሥት እጅ የተተከለበት ዘመን ነበር። ፋሺስት ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በዘለቀው ወረራው ጅማን የደቡብ ምዕራብ ግዛቱ መቀመጫ አድርጎ ሲያስፋፋ፣ የከተማ ፕላኑ የአውሮፓውያንን መኖሪያ ከአገሬው ሰው መኖሪያ የሚለይ ነበር። ይሁን እንጂ አድልዎን ሁሉ ከውጭ የመጣ አድርጎ ማቅረብ ከእውነት መሸሽ ይሆናል፤ በአጎራባች ከፋ የማንጆ ማኅበረሰብ አባላት ከሌላው ሰው ተለይተው እንዲኖሩና ወደ ጎረቤት ቤት እንዳይገቡ የሚያደርገው ልማድ አገር በቀል ነው።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ነው። አዋጁ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አድርጎ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ሲፈቅድ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑ ቤቶች በቀበሌ እንዲተዳደሩ አድርጓል፤ ኪራይንም ቀንሷል። ስለዚህም ድሃው ተከራይ ከባለቤቱ ፈቃድና ቁጣ በአንድ ጊዜ ተላቀቀ። ይሁንና የተቀነሰው ኪራይ ለጥገና የማይበቃ ስለነበር የቀበሌ ቤቶች እያረጁ ሄዱ፤ ለአዲስ መጤም የሚተርፍ ቤት እምብዛም አልተገኘም።

ዛሬ አዲስ መጤው የሚያገኘው በግል ግቢ ውስጥ ያለ ሰርቪስ ቤት ነው፤ የሚያገናኘውም ብዙ ጊዜ ደላላ ነው። ብቻዋን የምትኖር ሴት፣ ብዙ ልጆች ያሉት ቤተሰብ፣ አካል ጉዳተኛ፣ ወይም ሃይማኖቱና ብሔሩ ከአከራዩ የተለየ ሰው የሚገጥመው እንቢታ በኢትዮጵያ ከተሞች የታወቀ ነው። እንቢታው ግን በስሙ አይጠራም። ክፍሉ ትናንት ተይዟል ይባላል፣ ወይም ዋጋው ድንገት ከፍ ይላል።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 በዘር፣ በጾታ፣ በሃይማኖት ወይም በሌላ አቋም ልዩነት እንዳይደረግ ይከለክላል፤ በአንቀጽ 32 የመኖሪያ ቦታን የመምረጥ ነጻነት ይሰጣል። ኢትዮጵያ በ1968 ዓ.ም. የተቀበለችው የዘር አድልዎን የማስወገድ ዓለም አቀፍ ስምምነትም በአምስተኛው አንቀጹ የመኖሪያ ቤት መብትን በግልጽ ይጠቅሳል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ደግሞ፣ ተፈጻሚ በሆነባቸው ከተሞች፣ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ያዝዛል። ይህ ቤት ውስጥ የገባውን ተከራይ በብርቱ ይጠብቃል፤ ከደጅ የተመለሰው ግን ውል የለውምና የሚይዘው ወረቀት አይኖረውም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እንደሚያምነው ትልቁ ክፍተት ያለው እዚህ ላይ ነው።

የተከለከለው ሰው አቤቱታውን ወደ እድር ሽማግሌዎች፣ ወደ ቀበሌ፣ ወደ ኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ወይም ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የነጻ የሕግ ድጋፍ አገልግሎት ሊወስድ ይችላል። የሽማግሌ እርቅ ፈጣንና ርካሽ ነው፤ ሆኖም ሽማግሌው ራሱ አከራይ በሚሆንበት ሰፈር ሚዛኑ ሊዛባ ይችላል። በፍርድ ቤት ደግሞ ዋናው ችግር ማስረጃ ነው። እንቢታው በቃል የተነገረ እንደመሆኑ፣ ለተከራዩ የሚመሰክርለት አብሮት ቤት ሊያይ የሄደ ሰው ወይም ደላላው ብቻ ነው፤ ደላላው ደግሞ እንጀራው ከአከራዮች ጋር የተያያዘ በመሆኑ ቀርቦ ለመመስከር ይከብደዋል።