የስፒከር ኦም ምንድን ነው?

አሮጌ መኪና ላይ ስፒከር ለመቀየር ያሰበ ሰው ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ዋት ላይ ነው። ዋቱ ግን ስፒከሩ ሳይቃጠል የሚችለውን ጣሪያ እንጂ የሚያወጣውን ድምፅ አይናገርም። ከቴፑ ጋር መስማማት አለመስማማቱን የሚወስነው ማግኔቱ ጀርባ በትንሹ የታተመው የኦም ቁጥር ነው።

ኦም የስፒከሩ ጥቅል ሽቦ ከቴፑ የሚመጣለትን ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚለካበት ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ብዙ ኤሌክትሪክ ያልፋል፣ ቴፑም ይደክማል። ቁጥሩ ሲበዛ ቴፑ ያርፋል፣ ድምፁ ግን ይቀንሳል። አብዛኛው የመኪና ስፒከር 4 ኦም ነው። በጣም ካረጁት መኪኖች አንዳንዶቹ ግን ከፋብሪካ 8 ወይም 10 ኦም ይዘው ወጥተዋል፤ ለብቻው የተቀመጠ አምፕሊፋየር ካላቸው ደግሞ 2 ኦምና ከዚያም በታች የሆነ ያጋጥማል።

8 ኦም የነበረበት ቦታ 4 ኦም ሲገባ በዚያው ቮልት የሚያልፈው ኤሌክትሪክ እጥፍ ይሆናል። ቴፑ ለዚያ ካልተሠራ ጀርባው ይግላል፣ ድምፁ ከፍ ሲል ይሰነጣጠቃል። መከላከያ ያለው ቴፕ ይዘጋና ሲቀዘቅዝ ይመለሳል፤ መከላከያ የሌለው ይቃጠላል። በተቃራኒው 2 ኦም ወጥቶ 4 ኦም ከገባ የሚደርሰው ኃይል በግማሽ ይወርዳል፣ ይህም 3 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) መቀነስ ማለት ነው። የሚቃጠል ነገር የለም፤ ግን አዲሱ ስፒከር ከአሮጌው አንሶ ይሰማና ያለጥፋቱ ይወቀሳል።

ጽሑፉ ከማግኔቱ ላይ ከጠፋ መለካት ቀላል ነው። ቴፑን ዝጉና የስፒከሩን ሁለቱንም ሽቦ ንቀሉ። መልቲሜትሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) 200 ኦም ላይ አድርጋችሁ መጀመሪያ ሁለቱን ጫፎች እርስ በርስ አነካኩ፤ 0.3 ወይም 0.4 ካሳየ ያ የራሱ የሽቦው ስለሆነ በኋላ ከንባቡ ይቀነሳል። ከዚያ ጫፎቹን የስፒከሩ እግሮች ላይ አድርጉ። 4 ኦም የሚባለው ስፒከር ልክ 4 አያሳይም፤ ከ3.2 እስከ 3.7 ባለው ውስጥ ይቆማል። ይህ ብልሽት አይደለም። መልቲሜትሩ የሚያየው የሽቦውን ተቃውሞ ብቻ ነው፤ ሙዚቃ ሲያልፍ ኦሙ እንደ ድምፁ ቅጥነትና ውፍረት ከፍና ዝቅ ይላል። ምንም ንባብ ከሌለ (ዜሮ ሳይሆን OL ወይም ጠርዝ ላይ 1 ብቻ ካሳየ) ጥቅሉ ተቆርጧል። ወረቀቱን በጣት ቀስ አድርጋችሁ ስትገፉ ቁጥሩ ከጠፋ ደግሞ ሽቦው ሊበጠስ ጫፍ ላይ ነው።

አንድ የቴፕ መስመር ላይ ሁለት ስፒከር የመደረብ ልማድም አለ። ሁለት 4 ኦም ጎን ለጎን (ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ) ሲታሰሩ 2 ኦም ይሆናሉ፣ ተራ ቴፕ ይህን አይችልም። በተከታታይ (የአንዱ ኔጋቲቭ ከሌላው ፖዘቲቭ ጋር) ሲታሰሩ 8 ይሆናሉ፤ ይህ ለቴፑ አደጋ የለውም፣ ድምፁ ብቻ ይቀንሳል።

አሮጌ መኪና ላይ ከኦሙ በላይ ቴፕ የሚገድለው ግን የኔጋቲቩ ሽቦ ነው። በድሮ አሠራር የስፒከሮቹ ኔጋቲቭ ተያይዞ አንድ ላይ፣ አንዳንዴም በቀጥታ ከመኪናው ብረት ጋር ይታሰር ነበር። የዛሬ ቴፕ ሁለቱንም ሽቦ ስለሚነዳ በኔጋቲቩ ላይ የባትሪው ግማሽ ያህል ቮልት ይኖራል፤ ያ ሽቦ ብረት ሲነካ ሾርት ያደርጋል። ስለዚህ ስፒከሩንም ቴፑንም ነቅላችሁ በእያንዳንዱ ሽቦና በመኪናው ብረት መካከል ለኩ። ምንም ንባብ መኖር የለበትም። ካለ የድሮውን መስመር ትታችሁ ለእያንዳንዱ ስፒከር ሁለት ሽቦ አዲስ ዘርጉ።

ኦሙ ከተስማማ በኋላ የሚመረጠው ትብነቱ፣ ማለትም በተሰጠው ኃይል ምን ያህል ድምፅ እንደሚያወጣ በዴሲቤል የተጻፈው ነው። ደካማ ቴፕ ላይ 3 ዴሲቤል የሚበልጥ ስፒከር ቴፑን በእጥፍ ኃይል እንደመቀየር ይቆጠራል። እዚህ አንድ የሻጮች ዘዴ አለ። አንዱ በ1 ዋት ይለካል፣ ሌላው በ2.83 ቮልት። በ4 ኦም ላይ 2.83 ቮልት 2 ዋት ስለሆነ ቁጥሩ በነጻ 3 ዴሲቤል ያድጋል። በ2.83 ቮልት 91 የተጻፈበትና በ1 ዋት 88 የተጻፈበት ሁለት 4 ኦም ስፒከሮች እኩል ናቸው።