«ትንሽ ትነዝራለች እንጂ ትሠራለች»፦ ስለ ኢንስታንት ሻወር የምንሳሳታቸው ነገሮች

ባለፈው የአጎቴ ልጅ ቤት አድሬ ጠዋት ሻወር ገባሁ። ታንከር የሌለው፣ ኢንስታንት የሚባለው ማሞቂያ ነው ያለው። ቧንቧውን ገና ስነካው እስከ ክንዴ ነዘረኝ። «አይዞህ፣ ትንሽ ትነዝራለች እንጂ ትሠራለች» አለኝ ከውጭ። ይህን ብዙ ቤት ሰምቼዋለሁ፤ ከእሱ ልጀምር።

«ትንሽ ንዝረት ችግር የለውም።» በጣም አለው! የሚነዝር ሻወር ኤሌክትሪክ እያፈሰሰ ነው። እርጥብ ገላ ደግሞ ከደረቅ ይልቅ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። ዛሬ የነዘረ ነገ ሊገድል ይችላል። ብሬከሩን አጥፉና ኤሌክትሪሺያን እስኪያየው አትጠቀሙበት። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ኧርዝ፣ ማለትም የፈሰሰውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ ነው። ሶኬቱ ኧርዝ ማሰሪያ ስላለው ብቻ ኧርዝ አለ ማለት አይደለም። የአጎቴ ልጅ ቤት ስንከፍተው ማሰሪያው ላይ ምንም ሽቦ አልነበረም። ኧርዙ መሬት ውስጥ ከተቀበረ ዘንግ ጋር ይገናኝ፤ ከኒውትራል (ከኤሌክትሪኩ መመለሻ ሽቦ) ጋር አጣምሮ ማሰር መፍትሔ አይደለም። በዚያ ላይ አርሲዲ የሚባለውን የ30 ሚሊአምፔር መቁረጫ አስገቡ። ማሞቂያው ኤሌክትሪክ ማፍሰስ ሲጀምር መስመሩን በቅጽበት ይቆርጠዋል።

«ሶኬት ላይ ብሰካው ይበቃል።» 5.5 ኪሎዋት ማሞቂያ በ220 ቮልት 25 አምፔር ይስባል። የተለመደው ሶኬት የተሠራው ለ16 ነው። መሰኪያው ጠቁሮ የተቃጠለ ፕላስቲክ የሚሸተው ለዚህ ነው። ከፓነሉ የራሱ መስመር ይሳብለት፦ ባለ 6 ስኩዌር ሚሊሜትር ሽቦና 32 አምፔር ብሬከር። ብሬከሩ ደጋግሞ ሲያጠፋ፣ ሽቦው ሳይቀየር «ተለቅ ያለ እናድርግበት» የሚል ባለሙያ ከመጣ እምቢ በሉት። ብሬከሩ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ያለ ልኩ ካደገ ሽቦው ግድግዳ ውስጥ እየጋለ ማንም አያውቅም።

«መብራት በጣም ይቆጥባል።» ያን ያህል አይደለም። ያንኑ ውሃ ለማሞቅ የሚፈጀው ኃይል ያው ነው። የሚተርፈው ቦይለር ውስጥ ተቀምጦ የሚባክነው ሙቀት ብቻ ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ቦይለር የሞቀ ውሃ ይዞ ይቆያል፤ ኢንስታንት ግን ወዲያው ቀዝቃዛ ነው።

«ሮቶ ጣሪያ ላይ ካለ ግፊቱ ይበቃል።» 10 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው 1 ባር ገደማ ነው። ከሻወሩ 2 ሜትር ከፍ ያለ ሮቶ 0.2 ባር ብቻ ይሰጣል። ብዙዎቹ ማሞቂያዎች በዚህ አይነሱም። ከመግዛታችሁ በፊት ካርቶኑ ላይ ዝቅተኛውን ግፊት አንብቡ።

«ውሃው ካልሞቀ ዕቃው ፎርጅድ ነው።» ብዙ ጊዜ ውሃው በዝቶበት ነው። 17 ዲግሪ የሆነ ውሃ 40 ለማድረስ፣ 5.5 ኪሎዋት የሚችለው በደቂቃ 3.5 ሊትር ገደማ ነው። ከመመለሳችሁ በፊት ቧንቧውን ቀነስ አድርጋችሁ ሞክሩት።