«ዞረህ አትይ፤ የሚደርስብህ ነገር ይኖር ይሆናል»

አንዳንድ አሜሪካውያን የዚህን አባባል የመጀመሪያ ግማሽ ብቻ ነጥለው «ያለፈውን እርሳ» ለማለት ይጠቅሱታል። ለዚህማ የእኛው «ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም» ይበቃ ነበር። ቁም ነገሩም ቀልዱም ያለው ሁለተኛው ግማሽ ላይ ነው፤ የሚያወራው ስላለፈ ነገር ሳይሆን ከኋላ እየገሰገሰ ስለሚመጣ ነገር ነውና።

አባባሉ የሚጠቀሰው በጥቁሩ አሜሪካዊ የቤዝቦል ኳስ ወርዋሪ በሳቸል ፔጅ ስም ነው፤ በቤዝቦል ወርዋሪው ኳሱን ይወረውራል፣ የተጋጣሚው ቡድን መቺ ደግሞ በዱላ ሊመታው ይሞክራል። እ.ኤ.አ. በ1953 ኮሊየርስ መጽሔት ላለማርጀት ይረዳሉ የተባሉ ስድስት ምክሮቹን አወጣ። አንደኛው የተጠበሰ ሥጋ ደም ያስቆጣል ይላል፤ ሌላው በጭራሽ አትሩጥ። ይህኛው የመጨረሻው ነው።

የሚያሳድደው ታዲያ ምንድን ነው? ዕድሜ ነዋ! ፔጅ በ1906 በሞቢል፣ አላባማ ተወለደ። ትልልቆቹ ሊጎች ጥቁር ስለማያስገቡ የጉልበቱን ዘመን በጥቁሮች ሊግና በመንገድ ላይ ጨረሰው። የነጮቹን ኮከቦች የሚያገኛቸው የውድድሩ ወቅት ሲዘጋ ነው፤ ያኔ ሁለቱም ወገን ቡድን እያሰባሰበ ከከተማ ከተማ እየዞረ ለገቢ ይጫወታል። በ1936 ወጣቱ ነጭ መቺ ጆ ዲማጂዮ የትልቁ ሊግ ቡድን ወደሆነው ኒውዮርክ ያንኪስ ከመግባቱ በፊት ኦክላንድ ላይ ፔጅን ገጠመው። መምታት የቻለው አንዴ ብቻ ነው፤ ለያንኪስ መልማይ ግን ያቺው በቂ ሆነች። ተፈታኙ ሲገባ ፈታኙ ደጅ ቀረ።

በ1946 መጸው ደግሞ ፔጅና ነጩ ወርዋሪ ቦብ ፌለር በየፊናቸው ቡድን ይዘው አገሩን በአውሮፕላን ዞሩ፤ ለነጮቹ አንድ፣ ለጥቁሮቹ አንድ አውሮፕላን። ሕዝቡ የሚመጣው እነሱን ለማየት ስለሆነ ሁለቱ ጨዋታው ከሚከፈልባቸው ዘጠኝ ዙሮች የመጀመሪያዎቹን ጥቂቶች እየወረወሩ ለሌሎች ይለቁ ነበር። ሜዳው እኩል፣ ገበያውም የደራ ነበር።

ጥቁሩ ተጫዋች ጃኪ ሮቢንሰን በ1947 ወደ ትልልቆቹ ሊጎች ገብቶ ለጥቁሮች በሩን ከከፈተ በኋላ፣ ፔጅ በ1948 ወደ ክሊቭላንድ ቡድን ገባ። 42 ዓመቱ ነበር። ጋዜጠኞች ዕድሜውን ሲጠይቁት በቀልድ ያድበሰብስ ነበር። አባባሉ ከዚህ ጋር ሲነበብ ነው የሚገባው፦ ምርጥ ዓመታቱን የተቀማ ሰው የቀረችውን ጥቂት ጊዜ ቁጭ ብሎ አይቆጥርም፤ ይሠራባታል እንጂ።

በ1965 የካንሳስ ሲቲ ቡድን ባለቤት ተመልካች ለመሳብ ብሎ ወደ ትልቁ ሊግ መልሶ አስፈረመው። ሜዳው ዳር ተወዛዋዥ ወንበር ተደረገለት፤ ነርስም ተመደበችለት። ሰውየው በ59 ዓመቱ ተነስቶ ሦስት ዙር ወረወረ፤ ከተጋጣሚው የቦስተን ቡድን መቺዎች ኳሱን መምታት የቀናው ካርል ያስትሬምስኪ ብቻ ነበር፣ ነጥብ ግን አላስቆጠሩበትም።