ሶፕራኖ ድራማቲኮ ዳጂሊታ ምንድን ነው? ማሪያ ካላስና የመጀመሪያዎቹ ሸክላዎቿ

ሶፕራኖ ማለት ከሴት ድምፆች ሁሉ ከፍ ብሎ የሚዘፍነው ነው፣ ይሄን ብዙ ሰው ያውቀዋል፣ ግን ሶፕራኖ ሁሉ አንድ አይደለም። አንዷ ድምፅዋ ቀለል ያለ ነው፣ እላይ ድረስ ወጥታ በፈጣን ኖታዎች ላይ እንደልቧ ትሮጣለች፣ ኮሎራቱራ ይሏታል። ሌላዋ ደሞ ድምፅዋ ወፍራምና ከባድ ነው፣ ያለ ማይክ ያንን ሁሉ ኦርኬስትራ ሰንጥቆ መጨረሻ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ጋ ይደርሳል፣ እሷ ድራማቲክ ትባላለች። ሶፕራኖ ድራማቲኮ ዳጂሊታ የሚሉት እንግዲህ ሁለቱንም በአንድ ጉሮሮ የያዘችውን ነው፣ ክብደቱም አለ ፍጥነቱም አለ።

ድሮ እንዲህ አይነት ዘፋኝ ነበረች። የጣልያኑ ኦፔራ ደራሲ ቤሊኒ ኖርማ የሚባለውን ኦፔራ የጻፈው ለዘፋኟ ጁዲታ ፓስታ ነው፣ በ1831 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ሚላን ላይ እሷ ዘፈነችው፣ በዛው ዓመት ደሞ ሌላውን ኦፔራውን ላ ሶናምቡላንም መጀመሪያ የዘፈነችው እሷው ናት። በኋላ ኦርኬስትራው እየገዘፈ ሲመጣ፣ በተለይ በጀርመናዊው የኦፔራ ደራሲ በቫግነር ጊዜ፣ ዘፋኞቹም ለሁለት ተከፈሉ፣ ከባዱን ከባዶቹ ያዙት፣ እንደ ዶኒዜቲ ሉቺያና እንደ ቤሊኒ ኢ ፑሪታኒ ያሉት ኦፔራዎች ደሞ ለቀላል ድምፆች ቀሩ፣ ቆንጆ ጌጥ ብቻ ሆኑ ማለት ይቻላል።

ዘፋኟ ማሪያ ካላስ የመጣችው እዚህ ላይ ነው። በ1923 ኒውዮርክ ተወልዳ አቴንስ ላይ ነው የተማረችው፣ አስተማሪዋ ኤልቪራ ደ ኢዳልጎ ራሷ ኮሎራቱራ ስለነበረች ያንን ከባድ ድምፅ ገና በልጅነቱ በቀላሎቹ ዘፈኖች አሰራችው፣ በኔ እይታ ሁሉም ነገር የተወሰነው እዛ ነው። ጣልያን ስትገባ ግን ማንም ኮሎራቱራ ናት አላለም፣ በ1947 ቬሮና ላይ ላ ጆኮንዳ በሚባለው ኦፔራ ጀመረች፣ ከዛ የቱራንዶት፣ የኢዞልደ፣ የአይዳ ሮሎች (የገጸ ባህሪ ድርሻዎች)፣ ሁሉም ከባድ ከባዱ።

ጃንዋሪ 1949 ላይ ቬኒስ ላ ፌኒቼ ውስጥ የቫግነርን ከባድ ሮል ብሩንሂልደን እየዘፈነች ሳለ የኢ ፑሪታኒዋ ዘፋኝ ማርጌሪታ ካሮዚዮ ታመመች፣ ኮንዳክተሩ (የኦርኬስትራው መሪ) ቱሊዮ ሴራፊን የኢ ፑሪታኒን ዋና ሴት ገጸ ባህሪ ኤልቪራን አንቺ ትዘፍኛለሽ አላት፣ ካላስም ሮሉን በቀናት ውስጥ አጥንታ የመጨረሻውን ብሩንሂልደ በዘፈነች በሶስተኛው ቀን ኤልቪራ ሆና ወጣች። ኦፔራ ለሚያውቅ ሰው ይሄ የማይታመን ነገር ነው፣ ሁለቱን ሮሎች አብዛኛው ዘፋኝ በህይወት ዘመኑ እንኳን አይዘፍናቸውም።

በዛው ዓመት ኖቬምበር ላይ ቶሪኖ ውስጥ ቼትራ ለሚባል ኩባንያ የመጀመሪያዎቹን ሸክላዎች ቀዳች። ሶስት ሸክላ ናቸው፣ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞሩት፣ አንዱ ፊት የሚይዘው አራት ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። ምርጫውን እዩት፦ ከቫግነር ኦፔራ ከትሪስታን የኢዞልደ የሞት ዘፈን (በጣልያንኛ)፣ ከኖርማ ካስታ ዲቫ፣ ከኢ ፑሪታኒ የኤልቪራ የእብደት ትዕይንት። ከባዱም፣ መሀለኛውም፣ ቀላሉም አንድ ላይ ማለት ነው፣ ከዚህ የተሻለ የዚህ ድምፅ ማብራሪያ እኔ አላውቅም። የፑሪታኒውን ስትሰሙ መጀመሪያ ቀስ የሚለውን ክፍል ልብ በሉ፣ ሀዘኑ እውነተኛ ነው፣ ከዛ ፈጣኑ ሲመጣ ኖታዎቹ ከላይ ወደ ታች ሲወርዱ አንድ በአንድ ይሰማሉ፣ አይጨማለቁም፣ ግን ድምፁ አልቀጠነም፣ ያው ኢዞልደን የዘፈነው ድምፅ ነው! ድምፅዋ አያምርም የሚሉ ሰዎች አሉ፣ እነሱ የሚያወሩት ብዙ ጊዜ ስለ ኋለኞቹ ቅጂዎች ነው፣ በ1949 ያለው ድምፅ ሙሉ ነው፣ እላይም አይንቀጠቀጥም።

ከአንድ ወር በኋላ ኔፕልስ ላይ የዘፈነችው የቨርዲ ናቡኮም ተቀድቶ ቀርቷል። የናቡኮ ዋና ሴት ገጸ ባህሪ አቢጋይለ ሲ (C) ከሚባለው ከፍተኛ ኖታ ሁለት ኦክታቭ ሙሉ (አንዱ ኦክታቭ ከአንድ ኖታ እስከሚቀጥለው ተመሳሳይ ስም ኖታ ነው) በአንዴ ወደ ታች የምትወረወርበት ቦታ አለ፣ ብዙ ሶፕራኖ ድምፁን የሚጎዳ ሮል ነው ብሎ ይሸሸዋል። ካላስም የዘፈነችው በዛ ጊዜ በሶስት ምሽት ብቻ ነው፣ ከዛ በኋላ ሙሉውን መድረክ ላይ አልመለሰችውም። የቅጂው ጥራት መጥፎ ነው፣ ይንኮሻኮሻል፣ ስለዚ ለጀማሪ መጀመሪያ የቼትራዎቹን ሶስት ሸክላዎች፣ ቀጥሎ በ1953 ኢኤምአይ ለሚባለው ኩባንያ የቀዳችውን ሉቺያ ብላችሁ ጆሯችሁ ሲለምድ ወደ ናቡኮው ብትሄዱ ይሻላል።