ከአሉሚኒየም ላይ ቀለም ማንሳት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጎንደር ውስጥ የባጃጅ ሞተር ክዳን የሚያድስ፣ የሞተር ሳይክል ቸርኬ የሚያሳምር ወይም የመስኮት ፍሬም የሚጠግን ሰው በጓሮው ከአሉሚኒየም ላይ ቀለም ማንሳቱ አይቀርም። ዕቃ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ለብረት የሚሠራ ዘዴ እንዳለ ለአሉሚኒየም ሲውል ነው። አሉሚኒየም ከብረት ይልቅ ለስላሳ ነው፤ በአሲድም በኮስቲክም ይበላል፤ እሳት ሲበዛበትም እንደ ብረት ቀልቶ ሳያስጠነቅቅ ይደክማል።

“ኮስቲክ ሶዳ ከብረት ላይ ካነሳ ከአሉሚኒየምም ያነሳል”

ለሳሙና መሥሪያ የሚሸጠው ኮስቲክ ሶዳ ቀለም ማንሳቱ እውነት ነው፤ የብረት በር ላይም እምብዛም ጉዳት አያደርስም። አሉሚኒየምን ግን ራሱን ያሟሟዋል። በአንድ ሊትር ውሃ 50 ግራም ብቻ ተበጥብጦ እንኳ ወዲያው አረፋ ማውጣት ይጀምራል፤ እየሞቀ በሄደ ቁጥር ደግሞ መብላቱ ይፈጥናል። አረፋው ሃይድሮጅን ነው። 10 ግራም አሉሚኒየም ሲሟሟ ከ12 ሊትር በላይ ሃይድሮጅን ስለሚወጣ፣ አጠገቡ የከሰል ምድጃ ካለ ይቀጣጠላል፤ በተከደነ ጄሪካን ውስጥ ከሆነም ጄሪካኑን ያፈነዳዋል።

የሞተር ክዳን እዚያ ውስጥ ሲነከር ቀለሙ በሁሉም ቦታ እኩል አይለቅም። ቀድሞ የተገለጠው ክፍል፣ ሌላው እስኪለቅ ድረስ ሲበላ ይቆያል። ስለዚህ የኩሽኔታው መቀመጫ ይሰፋል፣ የቡሎኑ ጥርስ ይሳሳል፣ ዘይት እንዳያፈስ በመሃል የሚገባው ጓርኒሲዮን የሚያርፍበት ፊት ይቦረቦራል። ዕቃው ሲወጣ ጥቀርሻ የመሰለ ጥቁር ነገር ይለብሳል፤ ይህ ቆሻሻ ሳይሆን ኮስቲኩ ሊበላው ያልቻለው በቅይጡ ውስጥ ያለው ሲሊከንና መዳብ ነው። የካርቡሬተር አካል ብዙውን ጊዜ ከዚንክ ቅይጥ ስለሚሠራ እሱም ከዚህ አያመልጥም።

ኮስቲክ ቆዳ ወይም ዓይን ላይ ከተረጨ ሎሚም አቼቶም አይፈስበትም። ቢያንስ ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ንጹህ ውሃ ማጠብ፣ ዓይን ከሆነ ደግሞ ከታጠበ በኋላ ሳይዘገዩ ሐኪም ቤት መሄድ ነው።

“በረኪና ወይም የሽንት ቤት አሲድ ይሻላል”

በረኪና ቀለሙን ሳይነካ አሉሚኒየሙን ነጥብ በነጥብ ይበሳዋል። የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድም ቀለሙን ትቶ በስንጥቁ ገብቶ ከሥር ይበላል። ሁለቱን ማደባለቅ ደግሞ ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

“ቲነር ያላነሳውን ምንም አያነሳውም”

ቲነር የሚያነሳው ቲነሩ በመትነኑ ብቻ የደረቀውን ቀለም ነው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ቀለሙን መለየት ያስፈልጋል። በቲነር የራሰ ነጭ ጥጥ የማይታይ ቦታ ላይ ለአንድ ደቂቃ ይጫኑ። ጥጡ ቀለም ከያዘ ናይትሮ ነው፤ ቲነርና ጨርቅ ይበቃዋል። ቀለሙ ካበጠና ከተሸበሸበ የዘይት ቀለም ነው፤ ሪሙቨር (በጣሳ የሚሸጠው ቀለም ማንሻ ኬሚካል) በቀላሉ ያነሳዋል። ምንም ካልሆነ በማድረቂያ ተቀላቅሎ የተቀባ ቀለም ወይም በምድጃ የተጋገረ የዱቄት ቀለም ነው፤ እነዚህ ትዕግሥት ይፈልጋሉ።

ቤንዚን በዚህ ሥራ ውስጥ ቦታ የለውም። የደረቀ ቀለም አያነሳም፤ ትርፉ የእሳት አደጋ ነው። የፍሬን ዘይት ግን፣ ዶት 3 ወይም ዶት 4 ከሆነ፣ አሉሚኒየሙን ሳይነካ የዘይት ቀለምን በአንድ ሁለት ቀን ያለሰልሳል። የዱቄት ቀለም ላይ ብዙም አይረዳም።

“ሪሙቨር ተቀብቶ ወዲያው ይፋቃል”

ብዙ ሰው ሪሙቨር አይሠራም የሚለው እዚህ ላይ ነው። ሥራውን የሚሠራው እርጥብ ሆኖ እስከቆየ ብቻ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ በተለይ በበጋ ፀሐይ ሥር በስሱ የተቀባ ሪሙቨር ቀለሙ ውስጥ ሳይገባ ተኖ ያልቃል።

ከመግዛትዎ በፊት ጣሳው ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ። ኮስቲክ ወይም ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ የሚል ከሆነ ለአሉሚኒየም አይሆንም። ጽሑፉ የማይነበብ ከሆነ የማይታይ የተፋቀ ቦታ ላይ አንድ ጠብታ አድርገው 10 ደቂቃ ይጠብቁ፤ አረፋ ካወጣ ይተውት።

ከዚያ ኩሽኔታ፣ ፓራኦሊዮ (ዘይት የሚያግደው ቀለበት)፣ ጎማና ፕላስቲክ ሁሉ ይነቀላል፤ ሪሙቨር ያሟሟቸዋልና። ዘይቱና ግራሶው ይታጠባል። የቀለሙ ፊት በውሃ በራሰ የ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጫር ጫር ይደረጋል፤ ፈሳሹ የሚገባው በዚያ ጭረት ነው። ሪሙቨሩ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ኖሮት፣ ብሩሹ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እየተሳበ ይደረባል። መመላለስ ላዩ ላይ የሚሠራውንና ትነቱን የሚይዘውን ስስ ሽፋን ይቀደዋል። ወዲያው ዕቃው በፌስታል ተጠቅልሎ ጥላ ሥር ይቀመጣል። ለዘይት ቀለም ከ15 እስከ 30 ደቂቃ፣ ለዱቄት ቀለም አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ፣ ቤንዚል አልኮል ላለበት ዓይነት ደግሞ አንድ ሌሊት ይፈጃል።

ቀለሙ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ሲሸሽ በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ስፓቱላ ይገፈፋል። ካልሸሸ አይታገሉት፤ ሁለተኛ ዙር ይደርቡበት። የብረት ስፓቱላ በአንድ ስህተት የሚተወውን ጭረት ለማጥፋት ግማሽ ቀን ብርጭቆ ወረቀት ይዞ መዋል ሊመጣ ይችላል።

“ማስክ ካደረግሁ ክፍል ውስጥ ብሠራ ችግር የለውም”

ቶሎ የሚሠራው ሪሙቨር አብዛኛውን ጊዜ ሜቲሊን ክሎራይድ አለበት። የሚፈላው በ40 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ትነቱ ብዙ ነው፤ ከአየር ስለሚከብድም ወለል ላይ ይተኛል። ሰውነት ውስጥ ሲገባ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል፣ ማለትም ከሰል የተጨሰበት ዝግ ቤት ውስጥ ሰው የሚገድለው ጋዝ ይሆናል። በዝግ ክፍል ውስጥ ሲሠሩበት የሞቱ ሰዎች ስላሉ ነው አሜሪካ በ2019 እ.ኤ.አ. ለቤት ተጠቃሚ እንዳይሸጥ የከለከለችው። የጨርቅም የሐኪም ማስክም ትነቱን አያስቆሙም፤ የከሰል ማጣሪያ ያለው ማስክ እንኳ ቶሎ ይሸነፋል። ሥራው ደጅ ነው፤ ነፋሱን ከጀርባ አድርጎ፣ ሕፃናትን አርቆ። ስስ የሐኪም ጓንትም በደቂቃዎች ውስጥ ያሳልፈዋል፤ ቆዳ ላይ ካቃጠለ አውልቆ መታጠብ ነው።

“ለብለብ ማድረግ ይቀላል”

የብስክሌት ፍሬምና ብዙ ቸርኬዎች ጥንካሬያቸውን ያገኙት ፋብሪካ ውስጥ በተለካ ሙቀት ነው። ከ200 ዲግሪ በላይ ሲቆዩ ያ ጥንካሬ ይወርዳል፤ ዓይን ግን ምንም ለውጥ አያይም። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ፣ ብዙ የሞተር ቅይጦች ደግሞ ከ600 በታች መቅለጥ ይጀምራሉ፤ በቀን ብርሃን ሲቀላ አይታይም። ሰው የሚሸከም ቸርኬ በላምባ እሳት የተለበለበ ከሆነ ባይገጠም ይሻላል። ሙቅ ውሃ ግን አይጎዳም። እዚህ ከተማ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሪሙቨር ያለሰለሰውን ቀሪ በሙቅ ውሃና በሳሙና ማጠብ ጥሩ ነው። ድስቱ ግን ከዚያ በኋላ ለምግብ አይመለስም።

“በግራይንደርና በሽቦ ብሩሽ ፈጥኖ ያልቃል”

የብረት ሽቦ ትንንሽ ስባሪዎቹን ለስላሳው አሉሚኒየም ውስጥ ይተክላል። እነዚህ እርጥበት ሲያገኙ ይዝጋሉ፣ ዙሪያቸውን ያለውን አሉሚኒየምም ያስበላሉ፤ አዲሱ ቀለም ከወራት በኋላ ነጥብ ነጥብ እያበጠ የሚነሳበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የናይለን ብሩሽ ወይም አረንጓዴው የድስት መፈግፈጊያ ይበቃል። አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ አይፋቅ፤ ብርጭቆ ወረቀቱን በውሃ እያራሱ መሥራት አቧራውን ያስቀራል።

በኮምፕረሰር የወንዝ አሸዋ መንፋትም እንዲሁ ነው። አቧራው ሳንባ ውስጥ ገብቶ መድኃኒት የሌለውን ሲሊኮሲስ ያመጣል፤ አሸዋው በሞተሩ የዘይት መተላለፊያ ውስጥ ተሸሽጎ ኩሽኔታ ይበላል። በአሸዋው ፈንታ የሚነፋ ደቃቅ የመስታወት ዶቃ ካለ፣ ከ2 እስከ 3 ባር ግፊት ለስስ ዕቃ በቂ ነው።

“የመስኮት ፍሬም ላይ ያለው ሁሉ ቀለም ነው”

አንዳንዱ ነሐስማ ወይም ብርማ ፍሬም አኖዳይዝ የተደረገ ነው። ያ ሽፋን ከአሉሚኒየሙ ራሱ የበቀለ ጠንካራ ኦክሳይድ ስለሆነ ሪሙቨር አይነካውም፤ መነሳትም የለበትም። በሳሙና ታጥቦ በ320 ቁጥር ከተሻሸ በኋላ በላዩ መቀባት ይቻላል።

“ዝቃጩን ውሃ ይወስደዋል”

የተገፈፈው ቀለም በአሮጌ ቆርቆሮ ላይ፣ ደጅ፣ ሰውና እንስሳ በማይደርስበት ቦታ ይደርቅና ተጠቅልሎ ይጣላል። ወደ ቀሃም ወደ አንገረብም ወንዝ በሚወርድ ቦይ አይደፋም፤ የአንገረብ ግድብ የከተማው የመጠጥ ውሃ ነው።

“ከተላጠ በኋላ አንቲ ረስት ይቀባል”

አንቲ ረስት ለሚዝግ ብረት የተሠራ ነው፤ ባዶ አሉሚኒየም ላይ በደንብ አይዝም፤ በጥፍር ይነሳል። አሉሚኒየሙ በሳሙና ታጥቦ ንጹህ ውሃ ይፈስበታል። ውሃው ሳይቆራረጥ እንደ አንድ ስስ ሽፋን ከተዘረጋ ንጹህ ነው፤ ጠብታ ጠብታ ከሆነ ገና ስብ አለበት። ከደረቀ በኋላ በ220፣ ቀጥሎ በ320 ቁጥር ይሻሻል፤ አዲስ ኦክሳይድ ወዲያው መያዝ ስለሚጀምር በዚያው ቀን፣ ቢቻል ከተሻሸ በ4 ሰዓት ጊዜ ውስጥ፣ ኤች ፕራይመር (አሲድ ያለበት የሥር ቀለም) በስሱ ይነፋል። ስቱኮ (ጎድጓዳ መሙያ) በኤች ፕራይመር ላይ በቀጥታ አይደረግም፤ አሲዱ በደንብ እንዳይደርቅ ያደርገዋል። ስቱኮ ካስፈለገ ከመጀመሪያው ኢፖክሲ ፕራይመር መጠቀም ነው። ከመንፋት በፊት የጓርኒሲዮኑ ፊትና የቡሎን ቀዳዳዎች በፕላስተር ይሸፈኑ፤ እዚያ የገባ ቀለም ክዳኑ ሲጠብቅ ይሰባበርና ቡሎኑ እንዲላላ፣ ዘይትም እንዲያንጠባጥብ ያደርጋል።