ተሸናፊን መልሶ ማቋቋም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ስለ ጀርመን የሚወራው ብዙው ነገር ከመዝገቡ ጋር አይገጥምም። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«አሜሪካ ገና ከጅምሩ ጀርመንን ልታቋቁም ነው የገባችው»

በፍጹም። በ1945 ለአሜሪካው ጦር አዛዥ ለጄኔራል አይዘንሃወር የተሰጠው ጄሲኤስ 1067 የተባለው መመሪያ የጀርመንን ኢኮኖሚ መልሶ ለማቋቋም እርምጃ እንዳይወሰድ ይከለክል ነበር። የተፈቀደው በሽታና ረብሻ እንዳይነሳ የሚያስፈልገው ብቻ ነው። ፋብሪካ እየተነቀለ ለካሳ ይጫናል። በማርች 1946 በእንግሊዝ ቀጠና (አሸናፊዎቹ ጀርመንን ከተከፋፈሉት በእንግሊዝ ይተዳደር በነበረው ክፍል) የተራው ሰው የቀን ራሽን ወደ 1,000 ካሎሪ ወረደ፤ አንድ አዋቂ ከሚያስፈልገው ግማሽ ያህል ነው። ሩር በተባለው የጀርመን የኢንዱስትሪ አካባቢ ከሰል ቆፋሪ ሲራብ ከሰል ያንሳል፣ ከሰል ሲያንስ ባቡሩና ብረት ማቅለጫው ይቆማሉ፣ ጎረቤት አገርም አብሮ ይጎዳል። ለቀጠናው እህል የምታቀርበው እንግሊዝ በጦርነቱ ዘመን እንኳ ያላደረገችውን የዳቦ ራሽን በጁላይ 1946 በራሷ ሕዝብ ላይ ጣለች። መመሪያው የተተካው በጁላይ 1947 ነው። ሁለት ዓመት በከንቱ አለፈ።

«ማርሻል ፕላን ለጀርመን የታደለ ጥሬ ገንዘብ ነው»

ማርሻል ፕላን አሜሪካ ከ1948 ጀምሮ ለምዕራብ አውሮፓ የሰጠችው እርዳታ ነው። ከ13 ቢሊዮን ዶላር ገደማው ምዕራብ ጀርመን ያገኘችው 1.4 ቢሊዮን ያህል ነው። እንግሊዝና ፈረንሳይ እያንዳንዳቸው እጥፍ ገደማ ወስደዋል።

አሠራሩ ይበልጥ ሊታወቅ ይገባል። ጥጥ የሚፈልግ የጀርመን ፋብሪካ ያዝዛል። አሜሪካዊው ሻጭ ዶላሩን ከዋሽንግተን ይቀበላል። ፋብሪካው ደግሞ ዋጋውን በጀርመን ገንዘብ በማርክ ለአንድ ልዩ ሒሳብ ገቢ ያደርጋል። በ1948 የተቋቋመው የልማት ባንክ ኬኤፍደብሊው ከዚህ ሒሳብ ለከሰል ማውጫ፣ ለኃይል ማመንጫና ለመኖሪያ ቤት አበደረ፤ የተመለሰው ብድር ለሌላው ይሰጣል። ገንዘቡ ተበልቶ የሚጠፋ ስላልሆነ ተዘዋዋሪ ፈንዱ ዛሬም ያበድራል።

«ሱቆቹን የሞላው እርዳታው ነው»

በጁን 20 ቀን 1948 አዲሱ ማርክ ወጣ፤ ለእያንዳንዱ ሰው መጀመሪያ 40 ማርክ ተሰጠ። በማግስቱ መደርደሪያው በዕቃ ተሞላ፤ የማርሻል ዕቃ ግን ገና መግባት መጀመሩ ነበር። ነጋዴው ዋጋ ባጣው በአሮጌው ማርክ ላለመሸጥ የደበቀውን ነው ያወጣው። ይህ ጉዳት አልነበረውም ማለት አይደለም። ባንክ ያስቀመጠ ሰው ከ100 አሮጌ ማርክ በመጨረሻ የደረሰው 6.50 ብቻ ነው፤ ቤትና ዕቃ የነበረው ግን በዚያን ጊዜ ምንም አልጎደለበትም።

«ዕዳዋ ሙሉ በሙሉ ተሰረዘላት»

በ1953 የለንደን ስምምነት ከጦርነቱ በፊትና በኋላ የተከማቸው 30 ቢሊዮን ማርክ ገደማ ዕዳ በግማሽ ያህል ተቀነሰ፤ ግሪክም ከአበዳሪዎቹ አንዷ ነበረች። ዋናው ብልሃት ክፍያው ከንግድ ትርፍ እንዲወጣ መደረጉ ነው፤ አበዳሪው ገንዘቡን ከፈለገ የጀርመንን ዕቃ መግዛት አለበት። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1921 የ132 ቢሊዮን የወርቅ ማርክ ካሳ ሲጣልባት የጎደለው ይህ ነበር። በለንደኑ ስምምነት ከተያዘው ዕዳ የመጨረሻው ወለድ የተከፈለው በኦክቶበር 3 ቀን 2010 ነው።

«ሌሎቹ ተሸናፊዎች ካሳ አልከፈሉም»

በ1947 የፓሪስ የሰላም ውል ጣሊያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር እንድትከፍል ተወሰነ። በዚያው ሰሞን ከማርሻል ፕላን 1.5 ቢሊዮን ገደማ ለማግኘት ለበቃች አገር ይህ እጅግ ትንሽ ነው፤ ያም ቢሆን ለዓመታት ተጓተተ። በ1960 አዋሽ ላይ ሥራ የጀመረው 43 ሜጋዋት ገደማ የሚያመነጨው የቆቃ ግድብ የተሠራው በዚሁ የካሳ ገንዘብ ነው።