ኮዚ የጠፈር ምርመራ እና የሁለት ሴቶች ፍቅር፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

ኮዚ (በእንግሊዝኛ ሞቅ ያለና ምቹ ማለት ነው) የሳይንስ ልብ ወለድ ምርመራ የሁለት ዘርፎች ድብልቅ ነው። ከሳይንስ ልብ ወለድ ዓለሙን ይወስዳል፦ ጠፈር፣ ሌላ ፕላኔት፣ ሩቅ ዘመን። ከምርመራ ልብ ወለድ እንቆቅልሹን ይወስዳል፦ ማን ጠፋ? ማን ገደለ? እዚህ ላይ የሁለት ሴቶች ፍቅር ሲጨመርበት የዚህ ዳሰሳ ርዕስ ይሆናል። ኮዚ የሚያሰኘው ደም ገጹን አለማጥለቅለቁ ነው። ግድያው ከአንባቢው ዓይን ርቆ ያልቃል። ማኅበረሰቡ ትንሽ ነው፣ መርማሪው ብዙ ጊዜ ፖሊስ አይደለም፣ መጨረሻ ላይ ነገሩ መልክ ይይዛል። «ቀላል ንባብ» እያለ የሚያጣጥለው አይጠፋም። ለማንበብ ይቀል ይሆናል፤ መጻፉ ግን ቀላል አይደለም። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የምርመራው መነሻ ብዙም አያከራክርም። ኤድጋር አለን ፖ መርማሪውን በ1841 ለአንባቢ አስተዋወቀ። አጋታ ክሪስቲ በ1920 የመጀመሪያ መጽሐፏን አሳተመች። በ1929 እንግሊዛዊው ቄስና ደራሲ ሮናልድ ኖክስ ለምርመራ ጸሐፊዎች ዐሥር ሕጎች አወጣ። አንደኛው ሕግ እስካሁን ያልታወቀ መርዝን ይከለክላል። መጨረሻ ላይ ረጅም ሳይንሳዊ ማብራሪያ የሚያስፈልገው መሣሪያንም እንዲሁ። ቃል በቃል ከተወሰደ የሳይንስ ልብ ወለድ ከደጅ ቀረ ማለት ነው።

በሳይንስ ልብ ወለድ ወገንም ጥርጣሬው ነበር። ደራሲው አይዛክ አሲሞቭ እንደሚተርከው፣ ታዋቂው አርታኢ ጆን ካምቤል ሁለቱ አብረው አይሄዱም ባይ ነበር። መርማሪው ሲጨንቀው ከኪሱ አዲስ ማሽን መዥረጥ ያደርጋል፣ ገዳዩን ይይዛል፣ አንባቢው ይሸወዳል። ሌላው አርታኢ ሆራስ ጎልድ ግን አሲሞቭን የሮቦት ልብ ወለድ እንዲጽፍ ወተወተው፤ የግድያ ምርመራ አድርገው አለው። ውጤቱ «የብረት ዋሻዎች» ነው። በ1953 በጋላክሲ መጽሔት በተከታታይ ወጣ፣ በ1954 መጽሐፍ ሆነ። መርማሪው ኤላይጃ ቤሊ ሰው ነው፤ ባልደረባው ዳኒል ኦሊቫው ሮቦት። ሮቦት ሰውን መጉዳት እንደማይችል ገና በጊዜ ይነገረናል። ጣሪያ በተደፈነባቸው ከተሞች ያደገ ሰው ገላጣ ሜዳ ላይ መውጣት እንደሚያስፈራውም እናውቃለን። ቤሊ የሚያስበው በነዚሁ ደንቦች ውስጥ ሆኖ ነው። የምናቡ ዓለም ሕግ አስቀድሞ ከተነገረ አንባቢም እኩል መገመት ይችላል። የካምቤል ክርክር እዚህ ላይ ተረታ፤ ይህን ያለ ማመንታት መናገር ይቻላል።

በ1970ዎቹ የሳይንስ ልብ ወለድ ደራሲው ላሪ ኒቨን ሰውን በቅጽበት ከቦታ ቦታ የሚያደርስ ዳስ ካለ «እዚያ አልነበርኩም» ማለት ምን ዋጋ አለው ሲል ጠየቀ።

የሴቶቹ ፍቅር የመጣው በሌላ መንገድ ነው፤ ያውም በእሾህ መካከል። ማሪጄን ሚከር በ1952 ያሳተመችው ልብ ወለድ በደስታ እንዳያልቅ አርታኢዋ አስጠንቅቋት ነበር። ፖስታ ቤት መጽሐፉን ጸያፍ ነው ብሎ ይይዘዋል ተብሎ ተፈርቶ ነው። በዚያው ዓመት ፓትሪሺያ ሃይስሚዝ በብዕር ስም ተስፋ ያለው መጨረሻ ጻፈች። በ1984 ካትሪን ፎረስት ሁለት መጽሐፍ አወጣች። በአንዱ ሴት የምታፈቅር የፖሊስ መርማሪ አለች፤ በሌላው ሴቶች ምድርን ለቀው ሌላ ፕላኔት ላይ ይሰፍራሉ። ሁለቱ ክሮች በአንዲት ጸሐፊ እጅ ነበሩ፣ ግን ገና አልተገመዱም።

ኮዚ የሳይንስ ልብ ወለድ መቼ ጀመረ? እዚህ ላይ ሰው አይስማማም። ብዙዎች ቤኪ ቻምበርስ በ2014 በራሷ ያሳተመችውን የመጀመሪያ ልብ ወለዷን ይጠቅሳሉ። በአንዲት መርከብ ሠራተኞች ኑሮ ላይ ያተኩራል፣ በሁለት ሴቶች መካከል ፍቅርም አለበት። የግድያ ምርመራ ግን አይደለም።

ሦስቱ አንድ ላይ አምረው የሚታዩት ማልካ ኦልደር በ2023 ባወጣችው አጠር ያለ ልብ ወለድ መጽሐፍ ነው። ምድር ለኑሮ አልሆን ብላ ሰው ጁፒተር ላይ ሰፍሯል። ጁፒተር መቆሚያ መሬት የለውም፤ ጋዝ ነው። ሰዎቹ ፕላኔቱን በሚዞሩ ቀለበቶች ላይ መድረክ ሠርተው ይኖራሉ፣ በሐዲድ ይመላለሳሉ። ከአንድ ዳር ካለ መድረክ ሰው ይጠፋል። ዘሎ ነው? ተገፍቶ ነው? ከታች ወለል የሚባል ነገር ስለሌለ አስከሬን ፈልጎ ማንሳት አይታሰብም። መርማሪዋ ሞሳ የቀድሞ ፍቅረኛዋን ፕሌይቲን ለማማከር ዩኒቨርሲቲ ትሄዳለች። ፕሌይቲ የጥንቷን ምድር ሥነ ምህዳር የምታጠና ምሁር ናት። ውጭው ብርድና ጭጋግ ነው፤ ውስጥ እሳትና ሻይ አለ። መጽሐፉ በ2024 ለሁጎ፣ ታዋቂ ለሆነው የሳይንስ ልብ ወለድ ሽልማት፣ የመጨረሻ ዕጩ ሆነ። ተከታዮቹ በ2024 እና በ2025 ወጥተዋል።

ጥምረቱ ለምን ሠራ? የኮዚ ደንብ ዋና ገጸ ባሕርያቱን አይገድልም። የድሮዎቹን አፍቃሪ ሴቶች ሞት ወይም ቅጣት ሲጠብቃቸው ኖሯል፤ እዚህ ግን ዘርፉ ራሱ ዋስ ይሆናቸዋል። የምናቡ ዓለም በበኩሉ ፍቅራቸውን ተራ ነገር ያደርገዋል፤ ማንም ዞር ብሎ አያይም። ስለዚህ ምስጢሩ ስለነሱ ማንነት መሆኑ ይቀራል። በሞሳና በፕሌይቲ መካከል ያለው ጥያቄ ሌላ ነው፦ አንዴ ተለያይተናል፣ እንደገና መተማመን እንችላለን? መርማሪና አጋሯ አብረው ፍንጭ ሲለቅሙ ይኸው ይፈተናል።

ሰው እየሞተ ምን ኮዚ አለው የሚሉ አሉ። ትልልቅ ጥያቄዎችን ይሸሻል የሚለው ወቀሳ ግን ለኦልደር መጽሐፍ አይሠራም። የነፕሌይቲ ጥናት ሰው አንድ ቀን ወደ ምድር እንዲመለስ የታሰበ ነው። መቼ እና እንዴት የሚለው ዩኒቨርሲቲውን የሚያነታርክ ጉዳይ ነው፣ የጠፋው ሰው ዱካም ወደዚያው ይመራል።